ምዕራፍ 6፦ እጅ የማትፈራ ወፍ

የበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ ዶሮ እንዴት እንደምትሸጥ የማያውቅ የለም። እግሯ ታስሮ፣ ራሷ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ ትተላለፋለች። ገዢው ደረቷን ይዳብሳል፣ ላባዋን ገልጦ ያያል፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ ክብደቷን ይገምታል። እሷ ለጥቂት ሰከንድ ክንፏን ካራገበች በኋላ ጸጥ ትላለች። ሻጩም ዝምታዋን ለገበያው ይጠቀምበታል፤ «እይዋት፣ እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ይላል።

ለወጥ የሚገዛ ሰው ዶሮዋ ጨዋ ሆነች አልሆነች ግድ የለውም። ለልጆቹ ጓደኛ፣ ለጓሮው ድምቀት፣ ለራሱም የማለዳ ወዳጅ የምትሆን ዶሮ ወይም ድርጭት የሚፈልግ ሰው ግን እዚህ ላይ ከተታለለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ያ ዝምታ ጨዋነት አይደለም፤ ፍርሃት ልኩን ሲያልፍ የሚመጣ ድርቀት ነው። ለማዳ ወፍ መምረጥና ማሳደግ የሚጀምረው የፈራችን ወፍ ከተረጋጋችው ለይቶ ከማወቅ ነው። የቀረው፣ ዘሩም ቤቱም መኖውም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዝም ያለች ሁሉ አልተረጋጋችም

እ.ኤ.አ. በ1646 ሮም ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ኢየሱሳዊ ካህን አታናስዮስ ኪርሸር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የዶሮ ሙከራ ገልጿል። እግሯ የታሰረ ዶሮ መሬት ላይ ትጋደማለች፣ ከዓይኗ ፊት ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፣ ከዚያ እስሩ ይፈታል። ዶሮዋ ግን ተነሥታ አትሄድም። ኪርሸር፣ ዶሮዋ መስመሩን ገመድ አድርጋ ብታየው ነው ብሎ ገመተ። በኋላ እንደታወቀው መስመሩ ምንም ሥራ የለውም። ዶሮን በጀርባዋ አጋድሞ ደረቷን ለጥቂት ሰከንድ ጫን ማድረግ ይበቃል፤ እጅ ከተነሣላት በኋላም ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች። አዳኝ መንጋጋ ውስጥ የገባች ወፍ የመጨረሻ ዘዴዋ ይህ ነው። የያዛት አውሬ ሞታለች ብሎ አፉን ሲያላላ አፈትልካ ታመልጣለች።

ተመራማሪዎች ይህን ድርቀት የፍርሃት መለኪያ አደረጉት። በጀርባዋ ተጋድማ ቶሎ የምትነሣ ወፍ ፍርሃቷ ትንሽ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ደርቃ የምትቀር ደግሞ ፈሪ ናት። ፈረንሳይ ውስጥ በቱር ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የኑዚዪ የግብርና ምርምር ጣቢያ አንድሪው ሚልስና ዣን-ሚሼል ፎር የተባሉ ሳይንቲስቶች ይህንኑ መለኪያ ይዘው ድርጭቶችን ለሁለት ወገን አራቡ። ቶሎ የሚነሡትን ከቶሎ ተነሺዎች፣ የሚደርቁትን ከሚደርቁት ጋር እያዳቀሉ ትውልድ አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረጉት ውጤት ሁለቱ ወገኖች በግልጽ እንደተለያዩ አሳየ። ፈሪነት በዘር ይወረሳል፤ ድፍረትም እንዲሁ። ስዊድን ውስጥ በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ የፔር የንሰን ቡድን የዶሮ ሁሉ ቅድመ አያት በሆነችው በቀይዋ የጫካ ዶሮ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። ሰውን የማይፈሩት ብቻ እየተመረጡ ሲዋለዱ፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ዘሮቻቸው ከፈሪዎቹ ይልቅ በአካል ገዘፉ። የመጀመሪያዎቹ ዶሮ አርቢዎች ከእጃቸው የማይሸሹትን ብቻ እያስቀሩ፣ ሳያውቁት ሥጋውንም አብረው መርጠው ሊሆን ይችላል።

ገዢ ግን ዶሮ በጀርባዋ እያጋደመ መሞከር አያስፈልገውም። ምርመራው ወፎቹን ከማስፈራራት በቀር ትርፍ የለውም። ይልቅ የአርቢው ቤት ሄደው ከበሩ ላይ ጎንበስ ይበሉና ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱ። ከዚያ እጅዎን ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይዘርጉ። ወፎቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ እየተጋፉ ጥግ ይይዛሉ። አንዳንዶቹ ባሉበት ይደርቃሉ፤ አንገታቸው ቀጥ ይላል፣ ላባቸው ሰውነታቸው ላይ ይለጠፋል። ሦስተኞቹ መጀመሪያ ራቅ ይሉና ይቆማሉ። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በአንድ ዓይን ይመለከታሉ፣ አንገት አስግገው አንድ እርምጃ ወደፊት ይመጣሉ፣ መልሰው ይሸሻሉ፣ እንደገና ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዷ መጥታ ቀለበትዎን ወይም የእጅጌዎን ቁልፍ ቆንጠር ብታደርግ እሷን ይያዙ፤ የሚፈልጓት ወፍ እሷ ናት። ላባዋን ለቀቅ አድርጋ እያበጠረች ከእርስዎ ፊት የምትቆም ከሆነማ ዋጋ አይከራከሩ።

ከላይ የሚወርድ እጅ

የዶሮም የድርጭትም ዓይን በጎንና በጎን ነው። ከጭንቅላታቸው ጀርባ ካለች ጠባብ ቦታ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያሉ። የሚያዩትን ነገር ለሁለት ዓይን እንደሚያከፋፍሉም በጫጩት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታውቋል። ቀኝ ዓይን ጥሬን ከጠጠር ይለያል፤ ግራው ዓይን ደግሞ አዳኝን በመጠበቅ ይበረታል። ዶሮ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ዓይኗ ስታይዎት የተለያየ ጥያቄ እየጠየቀች ነው ማለት ይቻላል።

የማስጠንቀቂያ ድምፃቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ድመት ወይም ሸለምጥማጥ በምድር ሲመጣ ዶሮዎች አንገታቸውን አቅንተው ደጋግመው ይንጫጫሉ። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ ግን አንድ ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ የሰማችው ሁሉ ዝቅ ብላ ጥላ ውስጥ ትገባለች። ለእነዚህ ወፎች ሞት ከላይ ነው የሚመጣው። ሰው ደግሞ ዶሮ ሲይዝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቆሞ፣ ጥላውን ጥሎባት፣ እጁን ከላይ ወደ ታች ይሰዳል። ምንም ያህል ቢወዳት ለእሷ በዚያች ቅጽበት ከጭልፊት አይለይም።

ስለዚህ የማላመድ የመጀመሪያው ሕግ መቀመጥ ነው። ወለል ላይ ወይም ዱካ ላይ ተቀምጠው መዳፍዎን ወደ ላይ ዘርግተው ከጎን፣ ከደረቷ በታች ያቅርቡ። ሲያነሷት አንድ እጅ ከደረቷ ሥር ገብቶ እግሮቿን ይደግፍ፣ ሌላው ክንፎቿን በቀስታ ይክደን። እግሯ አንዳች ነገር የረገጠላት ወፍ ትረጋጋለች፤ እግሯ አየር ላይ የተንጠለጠለባት ትታገላለች።

አንድ ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል። ቄብ ዶሮ እንቁላል መጣል ልትጀምር ስትል እጅ ሲቀርባት ትርበተበትና ክንፏን ገርበብ አድርጋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ባለቤቱ «ዳብሰኝ አለችኝ» ብሎ ይደሰታል። በእርግጥ እሷ ለአውራ ዶሮ የምታሳየውን አቀማመጥ ነው ያሳየችው። ፍርሃት ስላልሆነ ክፋት የለውም፤ ፍቅር ብሎ መቁጠር ግን አይገባም። ፍቅር ብለን ልንጠራው ወደምንችለው ነገር የሚቀርበው እርስዎ ሳይጠሯት ከጓሮው ማዶ ሮጣ መምጣቷ ነው።

የትኛዋን ዶሮ?

የሐበሻ ዶሮ ከዚህ አገር ጋር ያላት ታሪክ ረጅም ነው። ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው በትርፍራፊ እህል እየደጎማት ራሷን ጠብቃ የኖረች ናት። ጭልፊትን ያልተጠራጠረች፣ ድመትን ያላሰበች ዘር አልተካችም። ስለዚህ ንቁ፣ ፈጣን፣ ተጠራጣሪ ናት። ገብስማ ትሁን ቀይ፣ ጉትያ ትሁን አንገተ መላጣ፣ እጅ ላይ ለማዋል ትዕግሥት ትጠይቃለች። በሌላ በኩል ታቅፋ ጫጩት በማሳደግ የሚወዳደራት የለም፤ ይህም ጥቅሟ ኋላ ላይ እንደምናየው ለማላመድ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጀምር ሰው በአገራችን ገበያ የሚገኙት ቡናማ እንቁላል ጣይ ዲቃላዎች፣ እንደ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ያሉት፣ ቀላል መንገድ ናቸው። በባሕርያቸው የተረጋጉ ስለሆኑ ሰው ሲያዩ ከመሸሽ ይልቅ ጫማ ሊለቅሙ ይመጣሉ። ሳሶም ረጋ ያለች ናት። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉሯ ኮኮክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖቸፍስትሩም ላይ የተገኘች ስትሆን በጓሮ አኗኗር ትታወቃለች። ነጫጭ ሌግሆርኖች ብዙ ይጥላሉ፤ በትንሽ ነገር ግን ደንግጠው ይበራሉ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ምርጫው ይሰፋል። ከቻይና የመጣችው ሲልኪ ላባዋ እንደ ጸጉር ለስላሳ፣ ቆዳዋ ጥቁር፣ የእግር ጣቷ አምስት ነው። በረራ ስለማትችልና ዘወትር መታቀፍ ስለምትወድ ለልጆች ከሁሉ የተመቸች ናት ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1886 እንግሊዝ ውስጥ ዊሊያም ኩክ ያወጣው ኦርፒንግተን፣ ኮቺንና ብራህማም ግዙፍና ዝግ ያሉ ናቸው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቂት ሴት ዶሮ ፈቅደው አውራ ይከለክላሉ፤ ከመግዛት በፊት የከተማውን ደንብ ማየት ግድ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ዳክዬ ተግባቢ ናት፣ ነገር ግን ውሃና ጭቃ አብረዋት ይገባሉ። ዝይ ለሚያውቃት ታማኝ፣ ለጎረቤት ግን ጣጣ ናት። ቱርክ ዶሮ በልጅነቷ ሰው ተከትላ የምትዞር ሆና ሳለ ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች። ጅግራ ግቢ ትጠብቃለች እንጂ አትዳበስም።

ድርጭት ለማን ትሆናለች?

ድርጭትን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት ከኦሪት ነው፤ እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ በሰፈራቸው ላይ የወረደችው ወፍ ናት። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ በየዓመቱ የምትሰደደው የዱር ድርጭት ዛሬም ባሕር ተሻግራ ስትደርስ ደክማ መሬት ላይ ትወድቃለች። በኢትዮጵያ ማሳዎችም ትታያለች። ቤት ውስጥ የምትረባው ግን የቅርብ ዘመዷ የጃፓን ድርጭት ናት። ጃፓኖች ከመቶዎች ዓመታት በፊት ያላመዷት ለእንቁላሏ ሳይሆን ለወንዱ ድምፅ ነበር፤ የድምፅ ውድድርም ያካሂዱባት ነበር። ለእንቁላል በስፋት መርባት የጀመረችው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። ትንሽነቷና ፍጥነቷ ሳይንቲስቶችንም ስለሳበ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ሚር በተባለው የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ ላይ የድርጭት ጫጩቶች ተፈለፈሉ።

ፍጥነቷ በእርግጥ የሚገርም ነው። እንቁላሏ 10 ወይም 12 ግራም ይመዝናል፤ በ17 ወይም በ18 ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቷ ስትወጣ ከ6 እስከ 8 ግራም ብቻ ናት። በሦስት ሳምንቷ ደረቷ ላይ ፆታዋ ይለያል፦ ሴቷ ጠቃጠቆ አለባት፣ የወንዱ ደረት ደግሞ ዝገት የመሰለ ቀይ ነው። በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል እንቁላል ትጥላለች። ዕድሜዋም እንዲሁ አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይኖራሉ። ልጅ ላለው ወላጅ ይህ ከመጀመሪያው መነገር ያለበት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ድርጭት ትለመዳለች ወይ? ትለመዳለች፤ ልክ አለው እንጂ። በጫጩትነቷ ከእጅ የበላች ድርጭት መዳፍ ላይ ወጥታ ትለቅማለች፣ ሲጠሯት ወደ በሩ ትመጣለች፣ ከአጠገብዎ አቧራ ላይ ተንከባላ ትተኛለች። ጭን ላይ ተቀምጣ መዳበስን የምትሻ ግን ጥቂት ናት። በተፈጥሮዋ ሣር ውስጥ ተደብቃ የምትኖር፣ ስትደነግጥ በቀጥታ ወደ ላይ የምትተኮስ ወፍ ናት። ማቀፍ የሚፈልግ ሰው ዶሮ ያርባ። ተቀምጦ መመልከትና ማዳመጥ ለሚወድ፣ ቦታው ደግሞ ጠባብ ለሆነ ሰው ድርጭት የተሻለች ናት።

ወደ ላይ የመተኮስ ባሕርይዋ ቤቷን ይወስናል። ጣሪያው በመካከለኛ ከፍታ ላይ ያለ ጠንካራ ሽቦ ከሆነ አናቷ ይላጣል፣ አንገቷም ሊሰበር ይችላል። ጣሪያው ወይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ይሁን፣ ፍጥነት ለማግኘት ቦታ እንዳይኖራት፤ ወይ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ከሥሩ ለስላሳ መረብ ይዘርጋለት። ለአራት ወይም ለአምስት ድርጭት አንድ ካሬ ሜትር ወለል ቢሰጣቸው ይዝናናሉ። ወለሉ ሽቦ ሳይሆን ጉዝጓዝ ይሁን። አንድ ጥግ ላይ ደረቅ አሸዋ የሞላ ሳህን፣ ሌላ ጥግ ላይ መደበቂያ ሣር ይኑር። መደበቂያ ያላት ወፍ ትደበቃለች ብለው አይስጉ። መሸሻ እንዳላት ስታውቅ ነው ደፍራ የምትወጣው።

ወንድ ድርጭት ከአንድ በላይ አያስፈልግም፤ ሁለት ወንዶች ጠባብ ቤት ውስጥ አንዱ የአንዱን አናት እስኪደማ ይነቁራሉ። ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴት ይበቃል። ወንድ ሳይኖርም ሴቶቹ እንቁላል ይጥላሉ። የአሜሪካዋ ቦብዋይት ድርጭት ውብ ብትሆንም የበለጠ ደንጋጣ ናት፤ በአንዳንድ ግዛቶችም ፈቃድ ትጠይቃለች። ከማሳ የተያዘች የዱር ድርጭትን ግን ለማላመድ አይሞክሩ፤ ሽቦ ላይ ራሷን እያላተመች ልትሞት ትችላለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ጫጩት ከቅርፊቷ ሳትወጣ ትሰማለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዛዊቷ ማርጋሬት ቪንስ የድርጭት ጫጩቶች እንቁላል ውስጥ ሆነው በሚያሰሙት ጠቅጠቅታ እርስ በርስ እንደሚቀሳቀሱና በአንድ ጊዜ ለመፈልፈል እንደሚጣጣሙ አሳይታለች። ከወጡ በኋላ ያሉት አንድ ሁለት ቀናት ደግሞ ወሳኝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1873 ዳግላስ ስፖልዲንግ፣ በ1935 ደግሞ ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ እንደገለጹት፣ በዚያ አጭር ጊዜ ጫጩት ያየችውን የሚንቀሳቀስ ነገር እናቷ አድርጋ ትከተላለች። ሎሬንዝን የዝይ ጫጩቶች እየተሰለፉ ተከተሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ተመራማሪዎች አንዱ ሆነ።

ይህን የሰማ ሰው አንዲት ጫጩት ብቻዋን አሳድጎ ለዘላለም የእሱ ሊያደርጋት ይመኛል። ይሳካለታልም፤ ከሁሉ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ከሁሉ ጨካኙም ይኸው ነው። ብቻዋን ያደገች ጫጩት ሰው ከክፍሉ በወጣ ቁጥር እስኪደክማት ትጮኻለች። ስታድግ የዶሮን ቋንቋ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ እንዳስተዋለው ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር በተራ የተደራጁ ናቸው፤ እያንዳንዷ ቦታዋን የምትማረው ከልጅነቷ ነው። ሳትማር ያደገች ዶሮ ከሌሎች ጋር ስትቀላቀል የሁሉ መነቁሪያ ትሆናለች። ባለቤቷ ሥራ ሲውል ደግሞ ማንም የላትም።

ስለዚህ ከሦስት ያላነሱ ጫጩቶች አብረው ይደጉ፤ ሰውም በመካከላቸው ይዋል። የተሻለው ዘዴ ግን ታቃፊ ዶሮ ማግኘት ነው። ጫጩቶች የሚፈራውንና የማይፈራውን የሚማሩት ከእናታቸው ነው። ከሰው እጅ የምትበላ፣ የተረጋጋች የሐበሻ እናት ዶሮ ካለች፣ ጫጩቶቿ እሷን እያዩ ከእጅዎ ይለቅማሉ። ሥራውን ግማሽ በግማሽ ሠርታ ትሰጥዎታለች።

እናት ከሌለች ሙቀቱን ሰው ይተካ። በመጀመሪያው ሳምንት ከማሞቂያው ሥር ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነስ። ከቴርሞሜትር ይልቅ ጫጩቶቹን ማየት ይበልጣል፤ አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከተኙ ተስማምቷቸዋል። የድርጭት ጫጩት በመጠጫ ውስጥ ሰጥማ ስለምትሞት ለመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑን በጠጠር ሞልተው በጠጠሮቹ መካከል ብቻ ውሃ ይኑር። ወለሉ የሚያንሸራትት ጋዜጣ ከሆነ እግራቸው ይበረገዳል፤ ሻካራ ጨርቅ ያንጥፉላቸው። የድርጭት ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ገንቢ መኖ ትፈልጋለች፤ ከመኖዋ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ቢሆን ይመከራል። የዶሮ ጫጩት መኖ ብቻ ካለ በደቃቁ ተፈጭቶ፣ የተቀቀለ እንቁላል ተፈርፍሮ ይጨመርበት።

ጥሬው ሥራውን ይሥራ

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ የማላመድ ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ አርካንሳስ ውስጥ ዶሮዎችን ፒያኖ እንዲነኩ እስከማስተማር ደርሰዋል። ማሪያን ከኋለኛው ባሏ ከቦብ ቤይሊ ጋር ሆና ውሻ አሠልጣኞችን በዶሮ ላይ ታለማምድ ነበር። ዶሮ የተመረጠችው ፈጣን ስለሆነችና በግድ ስለማትሠራ ነው። ጥሬው በትክክለኛው ቅጽበት ካልመጣ ትታ ትሄዳለች።

ጓሮ ውስጥ ያለው ሥራ ግን ቀላል ነው። ለጥቂት ቀናት ምንም ሳይነኩ አጠገባቸው ይቀመጡ፤ በሚቀርቡበት ቦታ የሚወዱትን ይበትኑ። ለጫጩት ጤፍ፣ ለትልቋ ክክ በቆሎ ወይም ተፈርፍሮ የተቀቀለ እንቁላል ይሆናል። ከዝናብ በኋላ ክንፍ አውጥቶ የሚበረውን ምስጥ የሚያክል ግብዣ ግን የለም። ከዚያ ጥሬው ወደ እግርዎ፣ ከእግርዎ ወደ መዳፍዎ፣ ከመዳፍዎ ወደ ጭንዎ ይጠጋ። ከመስጠትዎ በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰሙ፤ ጣሳ ማንኳኳትም ይሆናል። ከእጅ መብላት ስትለምድ በሌላው እጅ ደረቷን ይዳብሱ፣ መጀመሪያ ለአፍታ፣ ኋላ ረዘም አድርገው። ስትሸሽ አይከተሏት። የሚከተላት ሰው ለሳምንት የለፋውን በአንድ ደቂቃ ያጣል።

በጥሬ ጠርቶ መያዝም ክልክል ነው። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለው ተረት የሚደርሰው በእሷ ብቻ አይደለም፤ በአታላዩም ይደርሳል። ዶሮ ሰውን በፊቱ ለይታ ታውቃለች፣ ያጠመዳትንም ትርቃለች። ለክትባት ወይም ለሕክምና መያዝ ካስፈለገ ሲመሽ ቆጥ ላይ ሆና ይያዟት። በጨለማ ስለማታይ ትረጋለች፤ የጥሬውም ቃል አይፈርስም።

ንጽሕና፣ ፈንግልና ድስቱ

ፍቅር ሁሉ ከእጅ መታጠብ ጋር ይሂድ። ጤነኛ የምትመስል ወፍም ሳልሞኔላ ልትሸከም ትችላለች፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዶሮ አትሳሙ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አይንኩ ብሎ የሚመክረው ለዚህ ነው። ወፎቹን ወጥ ቤት አያስገቡ። ከዱር ወፍ ጋር መኖና ውሃ እንዳይጋሩም ይጠብቁ፤ የወፍ ጉንፋን የሚገባው በዚያ በር ነው። በአገራችን ትልቁ ጠላት ፈንግል ነው፤ ከገባ ግቢውን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱን ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርተዋል፤ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ነው። የሚገዙት አዲስ ወፍ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ከነባሮቹ ተለይታ ትቆይ።

አውራ ዶሮ ሲያሳድጉ ጥንቃቄ ያድርጉ። ሰውን መፍራት ፈጽሞ የተወ አውራ ባለቤቱን እንደ ባላንጣ ቆጥሮ በእግሩ ሹል ሊወጋ ይችላል፤ በልጆች ዓይን ላይ ደግሞ አደጋው ከባድ ነው። አውራን ማክበርና ከእጅ ማብላት ይበቃል፤ ማቀፍ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጉዳይ በሐበሻ ቤት የሚነሣ ነው። ልጅ ስም ያወጣላት ዶሮ ለፋሲካ 12 ብልት ሆና ድስት ውስጥ ስትገኝ ልጁ የሚያዝነው በዶሮዋ ሞት ብቻ አይደለም፤ በወላጆቹም ነው። ዶሮ ማረድ ነውር የለውም። ነውሩ ለአንዲት ወፍ ሁለት ዕጣ መስጠት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን፦ ይቺ ለጓደኝነት፣ ያቺ ለበዓል። ለጓደኝነት የተለየችው መጣል ብታቆምም ትጦራለች፤ ዶሮ በደህና ከተያዘች ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ትኖራለች፣ እንቁላሏ የሚበረክተው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው ነው። ግቢና ልጆች ያሉት ሰው ሦስት ቡናማ ቄቦች ይግዛ። በረንዳ ብቻ ያለው አንድ ወንድና አራት ሴት ድርጭት ያሳድግ፣ ከማቀፍ ይልቅ በማየት ይርካ። ትዕግሥት ያለው የተረጋጋች የሐበሻ እናት ፈልጎ ጫጩቶቿን ከእሷ ጋር ያላምድ። አንዲት ወፍ ብቻዋን ለማቆየት ያሰበ፣ ወይም በቀን ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ለመቀመጥ ጊዜ የሌለው ሰው ግን ዶሮን ለሌላ ይተውለት፤ እሱ እንቁላሉን ከገበያ ይግዛ።